ትሮምቦን ለመረጠችው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ትሮምቦንን፣ ያን በትንፋሽ የሚነፋ የናስ መሣሪያ፣ መተዳደሪያሽ ለማድረግ መወሰንሽን ስትነግሪኝ በጣም ደስ አለኝ። እኔም ዕድሜዬን የሠራሁበት ሙያ ነው፤ ስልክ ላይ የማይመቸውን ልጽፍልሽ ብዬ ነው። ስለ ትንፋሽና ስለ ስላይዱ (ስለሚሳበውና ስለሚገፋው ቱቦ) አስተማሪዎችሽ በደንብ ነግረውሻል። እኔ ስለ መጠበቅ ልንገርሽ። በዚህ ሙያ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እዚያ ላይ ነው።

ቫዮሊን የሚጫወቱት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጃቸው አያርፍም። እኛ ቁጭ ነው። የሙዚቃ ደራሲውን የብራምስን አንደኛ ሲምፎኒ ታውቂዋለሽ። ትሮምቦኖቹ ሦስት ሙሉ ክፍሎች ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አራተኛው ላይ ወፍራም ድምፅ ካላቸው የእንጨት መሣሪያዎች ከባሶኖቹ ጋር ሆነው እንደ መዝሙር ያለ ለስላሳ ዜማ ይዘው ይገባሉ። አንደኛው ትሮምቦን ደግሞ የሚጀምረው ከፍ ካለው «ላ» ከሚባለው ኖታ ነው። ያን ጊዜ ከንፈርሽ ቀዝቅዟል። መሣሪያውም ቀዝቅዟል፤ የቀዘቀዘ መሣሪያ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ይላል። አዳራሹ ሙሉ ሰው እየሰማሽ ነው። የድቮርዣክ ዘጠነኛ ሲምፎኒ ላይ ቱባው፣ ትልቁ የናስ መሣሪያ፣ በጠቅላላው 14 ኖታ ብቻ ነው ያለው። ለ14 ኖታ ሙሉ ምሽት ንቁ ሆኖ መቀመጥ ቀልድ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ይጠበቃል? ሜዠር (የሙዚቃውን የምት ክፍሎች) መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ሐሳብ ሲሄድ ቁጥሩም ይሄዳል። የሌሎቹን ዜማ በቃልሽ እወቂው፤ አብረሻቸው በልብሽ ዘምሪ። መግቢያሽ ሲቃረብ ድምፅ ሳታወጪ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ወደ መሣሪያው ልቀቂ። ከዚያ የምታወጪውን ድምፅ ከመንፋትሽ በፊት ጭንቅላትሽ ውስጥ ስሚው። አርኖልድ ጃኮብስ ከ1944 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ ሲጫወት ኖሯል። ተማሪዎቹን ስለ ጡንቻ ከማሰብ ይልቅ ስለሚፈልጉት ድምፅ እንዲያስቡ ይመክራቸው ነበር። እሱ ራሱ በአስም የሚቸገር ሰው ነበር። ይህንን የምነግርሽ ትንፋሼ አይበቃም እያልሽ ስለምትጨነቂ ነው።

ከንፈርሽም ዕረፍት ይፈልጋል። ድምፁን የሚፈጥረው የከንፈርሽ መንቀጥቀጥ ነው፤ ናሱ የሚያጎላው ያንን ነው። ማውዝፒሱን (ከንፈር የሚያርፍበትን አፉን) አብዝተሽ ስትጫኚው ደም እንደልብ አይዘዋወርም፤ ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ያብጣል። የነፋሽውን ያህል ጊዜ እረፊ። ካመመሽ ጨክነሽ አስቀምጪው፤ በማግስቱ ፈተና ቢኖርሽም። እልህ ሌላ ቦታ ይጠቅማል፤ እዚህ ግን ሰውን ከሥራ ያስወጣል። የቺካጎው ትራምፔት ተጫዋች አዶልፍ ሄርሴት በ1952 የመኪና አደጋ ፊቱን ጎድቶት ጥርሶቹን አጥቶ ነበር። ተመልሶ በዚያው በቺካጎ እስከ 2001 ዋና ትራምፔት ሆኖ ቆየ። ቦታውን የያዘው በ1948 ነው። እንግዲህ አስቢው፣ 53 ዓመት!

ይህ ግን ሌላውንም ነገር ያሳይሻል። አንድ ሰው 53 ዓመት ሲቀመጥ ያ ወንበር ለሌላው 53 ዓመት ተዘግቷል ማለት ነው። አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ቫዮሊኖቹ ብዙ ናቸው፤ ትሮምቦን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነው፣ ቱባ አንድ። ስለዚህ ማስተማሩንም፣ በቀረ ሰው ቦታ ተተክቶ መጫወቱንም አትናቂው። ታዋቂው ትራምፔት ተጫዋች ሞሪስ አንድሬ እንኳ ከሰል ማዕድን ውስጥ እየሠራ ነው ትራምፔት ያጠናው።

ሴት መሆንሽን አንስተሽ ነበር። አቢ ኮናንት በ1980 ሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ለትሮምቦን ስትፈተን ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ነበር። የጥሪው ደብዳቤ «አቶ» ብሎ ነው የጻፈላት። 33 ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ አሸነፈች። በኋላ ከዋናው ወንበር ዝቅ አደረጓት። አቅም እንዳላት ለማሳየት የሳንባ ምርመራ ሳይቀር አድርጋ ፍርድ ቤት ተሟገተች፤ ነገሩ በእሷ አሸናፊነት ያለቀው በ1993 ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ መጋረጃው አለ፤ ጥሩ ነገር ነው። አይዞሽ ብዬ ግን አላሳንሰውም፤ ያጋጥምሽ ይሆናል። ካጋጠመሽ ከእኔ ከመደበቅ ይልቅ ንገሪኝ።

አሁን ወደ ፈተናሽ። የራቬል ቦሌሮ ከሚጠየቁት ሙዚቃዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ። ትሮምቦኑ ሙዚቃው ግማሽ አካባቢ እስኪደርስ አንዲት ኖታ የለውም፤ ሲገባ ግን ብቻውን ነው፣ ያውም ከፍ ባለ ድምፅ። አንቺ ሁልጊዜ ከንፈርሽ ከሞቀ በኋላ ነው የምትለማመጂው። ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ምንም አትንፊ፣ ሙዚቃውን ከመጀመሪያው አዳምጪ፤ ቦታሽ ሲደርስ አንስተሽ ግቢ። ከተሳሳትሽ ወዲያው አትድገሚው፤ በማግስቱ እንደገና ሞክሪ። ቀርጸሽ ላኪልኝ። የፈተናውን ሙሉ ዝርዝርም ላኪ፤ ቅዳሜ ስትመጪ መሣሪያሽን ይዘሽ ነይ፣ ሁለተኛውን ትሮምቦን እኔ እነፋልሻለሁ።

አባትሽ