የጤና ዓምዳችሁ ድባቴን ረስቶታል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ልብ ሕመም የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጨው ቀንሱ፣ ጮማ ተዉ፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ሩጡ ይላል። ልክ ነው። (ጮማውን እንኳ ኑሮው ራሱ ካስተወን ቆይቷል።) ድባቴ የሚለውን ቃል ግን ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁት።

እዚህ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ፣ አንዲት ትንሽ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ባንኮኒው ላይ የግፊት መለኪያ አለን። ባለፈው ወር ሠላሳ ዓመት የማይሞላው አንድ የባጃጅ ሾፌር ገባ። "ሲስተር፣ ልቤ ድው ድው ይልብኛል፤ እስቲ ለኪኝ" አለኝ። ነርስ አይደለሁም እያልኩ መመለሱ ስለደከመኝ ዝም ብዬ ለካሁት። 160 በ100፤ ከፍ ያለ ነው። አሳርፌ ብደግመውም ያው ነው። ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያ የግፊት መድኃኒት ተጽፎለት፣ ሁለት ሳምንት ውጦ ትቶት ኖሯል። አልቆበት መስሎኝ ነበር።

"አላለቀም፤ ቤት ተቀምጧል። ምን ሊያደርግልኝ ብዬ ነው?"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ለመነኝ። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋል፣ ቀን በጫት ይነቃል፣ ማታ በጨብሲ ያበርደዋል። ከጓደኞቹ ጋር መቀመጥ ካቆመ ወራት ሆኖታል። ከእኔ በፊት ግፊቱን የለኩት ሰዎች ነበሩ፤ "ከፍቶሃል ወይ?" ያለው ግን አንድም የለም።

ይህ የእሱ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት ከ18 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን ከ593 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ አይተዋል። ድባቴ ባለባቸው ላይ የልብ ሕመምና ስትሮክ በዝቶ ተገኝቷል። መጠይቅ ስለሆነ የቱ የቱን እንዳመጣ አይለይም። ድባቴና ጭንቀት ሲቆዩ ግን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት የውጥረት ሆርሞኖች ከፍ ብለው ይሰነብታሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ ደምም ለመርጋት ይቀላል። እኔ ባንኮኒው ላይ የማየው ከዚህ ይቀላል፦ ተስፋ የቆረጠ ሰው ክኒኑን አይውጥም።

እንቅልፍ ስጪን የሚሉኝ በስሙ የሚጠሩት አሚትሪፕቲሊንን ነው፤ እንቅልፍም የሚያመጣ የድባቴ መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ወረቀት አልሰጥም። ልቡ የታመመ ሰው ሲወስደው የልብ ምቱን ሊያዛባበት ይችላልና። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው እንደ ሰርትራሊን ያሉ የተሻሉ የድባቴ መድኃኒቶች አሉ፤ ግን ሐኪሙ ድባቴውን ካልጠየቀ እንዴት ብሎ ያዝለታል?

የሚጠየቀው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ አጥተሃል? ከፍቶህ ወይም ተስፋ ቆርጠህ ነበር? አዎ ካለ ድባቴን በዝርዝር ወደሚመዝኑት ዘጠኝ ጥያቄዎች ይታለፋል፤ የእነሱም የአማርኛ ቅጂ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሿል። "ጊዜ የለንም" ለሚሉ ባለሙያዎች፦ ግፊት ከመለካቱ በፊት ታካሚው አምስት ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ ያኔ ጠይቁት። እየለካችሁ ግን አታናግሩት፣ ቁጥሩ ይወጣል።

ደረቱን ያመመው ወጣት ሁሉ "ጭንቀት ነው" ተብሎ ይሸኝ ማለቴ አይደለም። ልቡም ይታይ፣ ስሜቱም ይጠየቅ።

ሾፌሩን ያለ እንቅልፍ መድኃኒት፣ ወደ ሐኪም ላክሁት። ቅር ብሎት ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች በሚቀጥለው የጤና ዓምድ ጎላ አድርጋችሁ ብታትሟቸው፣ ቆርጬ መለኪያው አጠገብ እለጥፋቸዋለሁ።

የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር