ለጤና ሚኒስቴር፦ የተማሪዬን ጆሮ በስልክ መብራት አዩት

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣

ጤና ይስጥልኝ። የ2ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። በአንዲት የወረዳ ከተማ 11 ዓመት አስተምሬአለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ የሕክምና ሰው ሆኜ አይደለም። አንድ ልጅ ክፍሌ ውስጥ ሳይሰማኝ ወራት ስለቆጠረ፣ እኔም ሳይገባኝ አብሬው ስለከረምኩ ነው።

ልጁ የሚቀመጠው ኋላ ነበር። ስጠራው ዝም። "ደብተር አውጡ" ስል አጠገቡ ያለውን ልጅ አይቶ ነው የሚያወጣው። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ፣ ልቡ ጨዋታ ላይ የሆነ ልጅ መስሎኝ ስንት ቀን ተቆጥቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። አንድ ቀን ደብተሩን ላርም ጎንበስ ስል ሽታው መጣ። ግራ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ተወትፏል፤ ጥጡ ቢጫ ሆኗል፤ ከጆሮው ሥር እስከ አንገቱ ድረስ መግል ወርዶ ደርቋል። ልጆቹ አጠገቡ መቀመጥ የተዉት ለካ ለዚህ ነው። ስሙን ስጠራው ቀና አለና ቀኝ ጆሮውን ወደ አፌ አዞረ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፣ ያላስተዋልኩት እኔ ነኝ።

እናቱን አስጠራሁ። "ኧረ ቲቸር፣ ይሄ እኮ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው። ይፈሳል፣ ደግሞ ይደርቃል። ሲያድግ ይተወዋል ብለውኛል" አለችኝ። ጤና አዳም ጨምቃ አድርጋለታለች። ዘይት አሙቃ ጠብ አድርጋለታለች። የጎረቤት አራስ የጡት ወተት እንኳ ሞክራለች። ይህቺ እናት ልጇን ችላ ያለች እናት አይደለችም። የሚነግራት ያጣች እናት ናት።

ጤና ጣቢያም ወስዳዋለች፣ ያውም ሦስት ጊዜ። በአራተኛው እኔም አብሬ ሄድኩ። ካርድ አወጣን፣ ተሰለፍን፣ ገባን። ነርሷ የልጁን ጆሮ በስልኳ መብራት አየችው። የጆሮ መመልከቻ መሣሪያ አልነበረም፤ የጆሮ ጠብታም የለም። የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ታዘዘ፤ እናቱ "እንደ በፊቱ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። ነርሷን አልወቅስም። ባዶ እጇን ነው የተቀመጠችው፤ ደግሞም በትህትና ነው ያስተናገደችን። ወቀሳዬ ባዶ እጇን ላስቀመጣት አሠራር ነው።

በስተመጨረሻ ሪፈር ተጽፎልን፣ ቀጠሮ ጠብቀን፣ ሁለት መኪና ቀያይረን ስፔሻሊስት ጋ ደረስን። ሐኪሙ በመሣሪያው አይቶ የጆሮው ታምቡር ተበስቷል አለ። መግሉን ጠርጎ አወጣ፤ የሲፕሮፍሎክሳሲን የጆሮ ጠብታ ለ2 ሳምንት አዘዘ። ከዚያ እናቱን ቁጭ አድርጎ አሳያት። ንጹሕ፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ እንደ ኩራዝ ክር ጠምዝዞ ወደ ጆሮው ቀስ አድርጎ ማስገባት፣ ሲረጥብ አውጥቶ መጣል፣ ሌላ ደረቅ ማስገባት፣ ክሩ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ እንዲሁ መቀያየር፣ ጠብታው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። በቀን 3 ጊዜ። ጥጥ ወትፎ መተው የለም። ሲታጠብ ውኃ እንዳይገባ መጠንቀቅ። ይኸው ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ አልፈጀበትም፤ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልታሳየው የምትችለው ነገር ነው። ይህን ለማወቅ ያቺ እናት 7 ዓመት ጠበቀች።

እኔን ያንገበገበኝ መመሪያው መኖሩ ነው። የታመሙ ሕፃናት በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ በሚታዩበት መመሪያ ላይ ጆሮ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ፈሳሽ ከጆሮ መውጣት ከጀመረ 14 ቀን ካልሞላው ድንገተኛ የጆሮ ኢንፌክሽን ይባላል፤ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነው ሥር የሰደደ ነው። ሥር ለሰደደው ጆሮን ማድረቅና ጠብታ ነው የሚታዘዘው፤ ሽሮፕ እየደጋገሙ መስጠት አይደለም። ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ላይ እብጠትና ሕመም ካለ ደግሞ በአስቸኳይ ሪፈር። ታዲያ ወረቀት ላይ ያለው ነገር ጠብታና መመልከቻ ሆኖ ወረዳችን ለመድረስ ምን ያዘው?

ይህን ደብዳቤ ወላጆችም ስለሚያነቡት ሐኪሙ ያስረዳኝን እዚሁ ልጻፈው። የልጆች ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚገናኝበት ቱቦ አጭርና አግድም ነው፤ ስለዚህ ጉንፋን በቀላሉ ወደ ጆሮ ይሻገራል። የማገዶ ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። ሕመሙ ከ2 ቀን በላይ ከቆየ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ፈሳሽ ከወጣ ሐኪም ይየው። ከጆሮው ጀርባ ካበጠ፣ አንገቱን ማጠፍ ካቃተው፣ ካስታወከው፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዘው፣ ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ግን ማደር የለም፣ በዚያው ሰዓት ነው መሮጥ። መግሉ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ማጅራት ገትርም ሊያመጣ ይችላል።

ክፍሌ ውስጥ ሽምብራ ጆሮው የከተተ ልጅ አጋጥሞኛል። ውኃ ልጨምርበት ስል ባልደረባዬ እጄን ያዘችኝ፤ ሽምብራ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል። በክብሪት እንጨትና በጸጉር መርፌ መጎርጎርም እንደዚሁ ነው፣ ወደ ውስጥ ከመግፋትና ታምቡር ከመብሳት በቀር ጥቅም የለውም። ከምንም በላይ የምፈራው የሰዓትና የአሻንጉሊት ክብ ባትሪ ነው። አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላል፤ ይህ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም።

ስለ ጉሮሮ ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የአክስቴ ልጅ ገና ሕፃን ሳለች እንጥሏን አስቆርጠዋታል፤ "እንጥሏ ወርዶ ነው የማትጠባው" ተብሎ፣ በሰፈር ሰው፣ በምላጭ። መድማት፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ ቴታነስ፣ በአንድ ምላጭ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ፣ ይህ ሁሉ አለበት። እሷ ከዚያ ተረፈች። ካደገች በኋላ ግን ቶንሲል ይመላለስባት ነበር። "ቶንሲል ነው፣ ሎሚ በጨው ይበቃታል" ስንል ኖርን። 14 ዓመቷ ላይ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ተኛች። ከዚያ ትንፋሽ ማጠር መጣ። አሁን በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ በጉሮሮው ኢንፌክሽን መዘዝ የልቧ ቫልቭ፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈው የልብ በር፣ ተጎድቷል።

የጉሮሮ ሕመም ሁሉ እንዲህ አይሆንም። አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ይለቃል፣ አንቲባዮቲክም አይፈልግም። ነገር ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በድንገት ትኩሳት ይዞት ጉሮሮውን ካመመው፣ ሳልና ንፍጥ ከሌለው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ አንገቱ ሥር ያሉት እጢዎች አብጠው ሲነኩ ካመሙት መታየት አለበት። ያ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠው ወደ ልብ የሚሄደውን ነገር መከላከል ይቻላል። አንድ መርፌ! ወይም ሳይቋረጥ የ10 ቀን ኪኒን። እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን የልብ በሽታ ከአፍሪካ ለማጥፋት የወጣው ሰነድ የአዲስ አበባን ስም ነው የያዘው። የአዲስ አበባ ስም ያለበት ነገር ለኛ ልጆች ቀድሞ መድረስ አልነበረበትም?

ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚያዝረበርብ፣ አፉን መክፈት ያቃተው፣ ሲተነፍስ ድምፅ የሚያወጣ ሕመምተኛ ግን ትልቅም ይሁን ትንሽ ለነገ አይባልም።

አፍንጫ ላይ ብዙ አልቆይም። ልጅ ሲነስረው ቀና አድርገን ራሱ ላይ ውኃ እናፈሳለን። ስህተት ነው፣ ደሙን ይውጠዋል። ቁጭ ብሎ ወደፊት ጎንበስ ይበል፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቅ ቆንጥጦ ይያዝ፣ በአፉ ይተንፍስ። ግማሽ ሰዓት አልፎ ካልቆመ ጤና ጣቢያ። ከምንጭና ከወንዝ የሚጠጣ ልጅ ነስሩ ከተመላለሰበት አልቅት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ከተማ ላይ ደግሞ ሁሉም "ሳይነስ አለብኝ" ባይ ነው፤ ፋርማሲ ገብቶ አንቲባዮቲክ ይገዛል። 10 ቀን ያልሞላው ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ነው። ዓይን ዙሪያ ካበጠ ግን አስቸኳይ ነው።

እኛ አስተማሪዎችም አለንበት። ከ60 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ስንጮህ ውለን ድምፃችን ይዘጋል፤ ዝንጅብል አፍልተን እንቀጥላለን። ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነን፣ አንገት ላይ የወጣ የማይጠፋ እብጠት፣ ጠዋት ሲነሱ ባንድ ጆሮ ድንገት አለመስማት፣ እነዚህ ሐኪም ሳያያቸው ችላ የሚባሉ አይደሉም። የመጨረሻው በተለይ በቀናት ውስጥ ሕክምና ይፈልጋል፤ በቆየ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል።

የሠራችሁትን አልክድም። በ2004 ዓ.ም የኒሞኮካል ክትባት ሲጀመር የሳንባ ምችን ብቻ አይደለም የተከላከለው፤ ክትባቱ የሚከላከለው ተሕዋስ የልጆችን ጆሮ ከሚያመግሉት ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ20 ዓመት በላይ በየቤቱ ገብተው ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ አጎበር፣ ስለ እርግዝና ክትትል ሲያስተምሩ ሰው ሰምቷል፣ ተለውጧል። ለዚህ ነው ይኸኛውም ይቻላል የምለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከልጆች የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚሆነው መከላከል በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው ብሏል። የኔ ተማሪም ከነዚያ አንዱ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይኸው ነው። በየጤና ጣቢያው አንድ የሚሠራ የጆሮ መመልከቻና እሱን መጠቀም የሠለጠነ አንድ ሰው ይኑር። የጆሮ ጠብታውና የፔኒሲሊን መርፌው ከመደርደሪያ አይጥፋ፤ የጤና መድን ከፍሎ የመጣ ሰው "ከውጭ ግዛ" አይባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የጨርቁን አጠማዘዝ ለእናቶች ያሳዩ፤ "መግል ሲያድጉ የሚተዉት ነገር አይደለም" የሚለው በሬዲዮ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሌሎቹም ቋንቋዎች ይነገር። ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆናችሁ ደግሞ 1ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ሁሉ መስማቱና ጆሮው ይታይ። እኛ አስተማሪዎች በግማሽ ቀን ሥልጠና የተጠረጠረውን መለየት እንችላለን።

የዓለም የመስማት ቀን የካቲት 24 ነው፣ ከዓድዋ በዓል ማግስት። ልጁ አሁን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጆሮው ደርቋል፣ የታምቡሩ ቀዳዳ ግን ገና አልተደፈነም፤ ሐኪሙ ከፍ ሲል በቀዶ ሕክምና ሊደፈን እንደሚችል ነግሮናል። ክፍሌ ውስጥ 63 ልጆች አሉ። ከሱ በኋላ ማየት ስጀምር ጥጥ የወተፉ ሌሎች ሦስት አገኘሁ። የካቲት 24 ቀን መመልከቻና ጠብታ የያዘ አንድ ባለሙያ ላኩልን። የክፍሉን በር እኔ ከፍቼ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የ2ኛ ክፍል መምህርት