«ትንሽ ትንሽ ስጫት»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ካናቢስ ለሕክምና ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ በሚል ያወጣችሁትን ክርክር አነበብኩት። አንዱ ትውልድ ሊጠፋ ነው ይላል። ሌላው የተፈጥሮ ፈውስ ተከለከልን ይላል። ነገሩ ቤቴ ድረስ ስለመጣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ልብስ እሰፋለሁ። የ9 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ጸበል አስጠምቄያታለሁ፣ አሁንም እወስዳታለሁ። ስትወድቅ ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ያሸታታል። ምንም አይጠቅማትም፣ እባካችሁ ተዉት። የረዳት ማታ ማታ የምትውጠው ፊኖባርቢታል የሚባል ኪኒን ነው። ጨርሶ ባያቆምላትም ቀንሶላታል። ይህን የማውቀው ደብተር ስለምይዝ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየባት እጽፋለሁ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ የቅርብ ዘመድ በትንሽ ሃይላንድ ጥቁር ዘይት ይዞልኝ መጣ። «የካናቢስ ዘይት ነው፣ አሜሪካ ለልጆች ይሰጡታል» አለኝ። ከየት እንዳገኘው አልነገረኝም። (ሻሸመኔ ቅርባችን ስለሆነች ሰው ወዲያው እሷን ይጠራል። እናቴ የተወለደችባት ከተማ በዚህ ብቻ ስትነሳ ደስ አይለኝም።) «ስንት ጠብታ ነው የምሰጣት?» አልኩት። «ትንሽ ትንሽ ስጫት» አለኝ።

እኔ የአንድ ቀሚስ ጨርቅ እንኳ ሳልለካ አልቆርጥም። ሃይላንዱን ቡፌ ላይ አስቀምጬ ሦስት ሌሊት አየሁት። አልዋሽም፣ ልሰጣት አስቤ ነበር። ልጁ መሬት ላይ ስትንፈራገጥ ያየ ወላጅ ይረዳኛል።

በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሟን ጠየቅኳት። አልተቆጣችኝም። ዘመዴ የሰማው ውሸት እንዳልሆነ ነገረችኝ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኤፒዲዮሌክስ የሚባል በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ መድኃኒት ፈቅዷል። ከካናቢስ ተጣርቶ የወጣ ካናቢዲዮል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባለው ሌላው የካናቢስ ንጥረ ነገር ነው። መጀመሪያ የተፈቀደው ድራቬ እና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉ ሁለት ከባድ የበሽታው ዓይነቶች ነው። ድራቬ ባለባቸው ልጆች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በወር 12 ጊዜ ገደማ የነበረው መንቀጥቀጥ ወደ 6 ገደማ ወርዷል። ግማሽ ማለት ለእናት ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነው! ግን መዳን አይደለም። መጠኑ በልጁ ኪሎ ይሰላል። ጉበት ሊነካ ስለሚችል ደም ይመረመራል፣ በተለይ ቫልፕሮይክ አሲድ የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ። ገበያ ላይ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው በዓመት 32,500 ዶላር ገደማ ነበር።

በእኔ ሃይላንድ ውስጥ ግን ካናቢዲዮሉ ስንት፣ ቲኤችሲው ስንት እንደሆነ ያመጣው ሰውም አያውቅም።

ከሁሉ አጥብቃ የነገረችኝ ይህን ነው፦ «ሌላ ነገር አገኘሁ ብለሽ ኪኒኑን በድንገት እንዳታቋርጪባት። የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣባት ይችላል፣ ይገድላል።» ቤት ገብቼ ዘይቱን ደፋሁት።

ክርክሩን አልጠላውም። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን ራሱ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን ከሄሮይን ጋር ከተመደበበት ጥብቅ የቁጥጥር ሠንጠረዥ አውጥቶታል። ቁጥጥሩ ግን አልተነሳም። እኛም እንነጋገር። የሚፈቀድ ከሆነ ሚሊ ግራሙ ተጽፎበት፣ በሐኪም ትዕዛዝ፣ ከፋርማሲ እንግዛው። እናንተም ስትጽፉ የሚጨሰውን ቅጠል፣ በየቤቱ የሚዞረውን ዘይትና ተመርምሮ የተፈቀደውን መድኃኒት በአንድ ስም አትጥሩብን። «ካናቢስ የሚጥል በሽታን ያድናል» የሚል ርዕስ አይቶ ኪኒን የሚጥል ወላጅ አለ። እኔም ልሆን ነበር።

ሌላም ልጠይቃችሁ። ስለ ፊኖባርቢታልም ጻፉልን። ርካሽ ነው፣ የተፈቀደ ነው፣ ማንም አይከራከርበትም፤ ግን ይጠፋል። ባለፈው ሚያዝያ ከአቶቴ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መናኸሪያ በባጃጅ ዞሬ አምስት ፋርማሲ «የለም» አሉኝ። ስድስተኛው ጋ እስካገኝ ልጄ ሁለት ሌሊት ሳትወስድ አደረች። በዚያ ሳምንት ደብተሬ ላይ አራት ጊዜ ተጽፏል። አንዱ አሥራ አንድ ደቂቃ ይላል።

አንዲት እናት
ከሐዋሳ