ታኅሣሥ ላይ ስትመጪ በመኪና ነይ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽማ የልጅሽን ድምፅ ስትሰማ ውላ ብታድር አይሰለቻት።

ባለፈው ስትደውሉ ልጅሽ “አባባ፣ ኢትዮጵያ ሙቅ ናት ቀዝቃዛ?” አለኝ። ሳልመልስለት መስመሩ ተቆረጠ። ጥያቄው ግን ከራሴ አልወጣም። ይሄ እንዲህ በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። አንቺ አንብቢለት።

እናንተ ዘንድ ብርድም ሙቀትም በወር ነው የሚመጣው። እኛ ጋ የሚወስነው ከፍታው ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አትርቀንም። ሽቅብ ስትወጪ ግን በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የምንለው ለዚህ ነው። ሰሜን ወሎ ላይ አቡነ ዮሴፍ ከ4200 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በአየር 300 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ደግሞ ዳናኪል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። አንዱ ላይ ጋቢ ደርበሽም አይበቃሽም፣ ሌላው ላይ ጥላ ፍለጋ ትሮጫለሽ። ሁለቱም ኢትዮጵያ ናቸው።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን እንመጣለን ያልሽውን ተይው። የመንገዱን ሰላም እኔ ቀድሜ አጣራለሁ፣ አብሽሪ። ደህና ከሆነ በመኪና ኑ። ልጁ መልሱን በገዛ ቆዳው ያገኘዋል።

ደብረ ብርሃን በጠዋት ድረሱ። ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ይሆናል። ከዚያ ጣርማ በርን፣ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ እንዳለፋችሁ ሹፌሩን አስቁሙት። መሬቱ ድንገት ከእግራችሁ ሥር ይወርዳል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ዓይንሽ እስከ ቆላው ድረስ ይሄዳል። ክረምት ቢሆን ጉሙ ምንም አያሳያችሁም ነበር፣ ታኅሣሥን መምረጥሽ ጥሩ ሆነ። ከዚያ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ልጁ ጃኬቱን አውልቆ ውኃ ይጠይቅሻል። ከሚሴን፣ ሐርቡን አልፋችሁ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ደሴ። ጦሳ ተራራ ሥር ስትደርሱ ማታው በርዶ ይጠብቃችኋል፣ ጃኬቱ ይመለሳል።

ያ ጣርማ በር ላይ የምታዪው ጠርዝ እኛም ደጃፍ ያልፋል። የደጋው ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ እሳተ ገሞራ ነው። ኋላ ምድሩ ተሰነጠቀና የአፋር በኩል ወረደ፣ እኛ ዳር ላይ ቀረን። ነገሩ ደግሞ ያለቀ የድሮ ታሪክ አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተላቅቋል።

ደሴ ስትደርሱ ኩታበር እወስዳችኋለሁ። ይሄን ከሁሉ አብልጬ እፈልገዋለሁ። በዚያ ሸንተረር ላይ ዝናብ ሲጥል በወዲህ የወረደው ቦርከና ወንዝ ይገባል፣ በወዲያ የወረደው በሽሎ ወንዝ። የበሽሎው ከአባይ ተቀላቅሎ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። የቦርከናው አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የሚባል አያይም። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው በፀሐይ ይተናል። ከአንድ ደመና የወረደ ውኃ ነው እንዲህ የሚለያየው። ልጅሽ እዚያ ላይ ቆሞ ውኃ ከጠርሙሱ ወዲህና ወዲያ ያፍስስ፣ አንዱን ወደ ግብፅ፣ አንዱን ወደ አፋር ይሸኘው።

ሐይቅንም እናያለን። ሐይቅ እስጢፋኖስን አያቶችሽ “ገዳሙ” እያሉ በአክብሮት ነበር የሚጠሩት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ሰኞ ላይ ከዋለልን ባቲ ገበያ እንወርዳለን። የአፋሩ ግመል፣ የደገኛው እህል፣ የኦሮሞው ከብት አንድ ሜዳ ላይ ሲገናኝ፣ ከፍታው የለያየውን ሰው ገበያው እንዴት እንደሚያገናኘው ይታይሽ።

ስለ ዝናቡም ልንገርሽ፣ አንቺም ትረሺው ይሆናል። የክረምቱ ዝናብ በብዛት ከደቡብ ምዕራብ በሚመጣ ንፋስ ነው የሚዘንበው። የበልጉ ግን ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ተነሥቶ ይሄን ጠርዝ ሲገጭ ሽቅብ ወጥቶ ይበርድና ይዘንባል። የወሎ ደጋ ገብሱን የሚጠብቀው ከዚያ ነው። በልግ የቀረበት ቤት እስከ መኸር ድረስ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ክረምቱም ከደገመው ምን እንደሚመጣ እኛ እናውቀዋለን። የ1966ን እና የ1977ን ረሃብ ያየ የወሎ ሰው ደመና ሲያይ እንደሌላው ሰው አያይም። ግን ልጅሽ ሲያድግ ሰማዩን ብቻ እንዳይወቅስ ንገሪው። በ1966 ሕዝብ እያለቀ ወሬው ተደብቋል። ዝናብ ስለቀረ ብቻ ሰው አያልቅም። ይሄን ሳልነግረው ወንዝና ተራራ ብቻ ባሳየው ግማሹን ነው ያሳየሁት።

ለልብስ ሁለት ዓይነት ያዙ፣ ለቆላውም ለደጋውም። ለልጁ ጠንካራ ጫማ አትርሺ፣ ኩታበር በእግር ነው። የትኬቱን ቀን እንደቆረጥሽ ደውይልኝ፣ መኪናውን እኔ እነጋገራለሁ። እናትሽ ቆሎውን ከአሁኑ እያስቆላች ነው።

አባትሽ፣ ከደሴ