ማሳጅ ገን የሚገዛ ሰው በአየር ላይ ሳይሆን በጭኑ ላይ ይሞክረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክቡር አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት አስተምራለሁ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ ሩጫ የሚወዱ ወጣቶችን አሰባስቤ አሠለጥናለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ «ማሳጅ ገን» እየተባለ በየሱቁና በቴሌግራም የሚሸጠው፣ ጡንቻን በፍጥነት እየመታ የሚያሸው መሣሪያ ነው። ልጆቹ ከልምምድ በኋላ የሚሰማቸውን የሰውነት መቀጥቀጥ ለማስታገስ ሲሉ ለመሮጫ ጫማ ያጠራቀሙትን ብር አውጥተው ይገዙታል፤ ከገዙት መካከል ግን ብዙው ለአንድ ወር እንኳ ሳያገለግል አልጋ ሥር ተጥሎ ይቀራል። አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ምን አይቶ ይግዛ ለሚለው ጥያቄ፣ ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን ለአንባቢ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያውን የገዛሁት ባሕር ዳር ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነበር። ካርቶኑ ላይ 30 የፍጥነት ደረጃና 10 ተቀያያሪ ጫፎች እንዳሉት ተጽፏል። ሻጩ አየር ላይ አስነሥቶ ሲያሳየኝ ድምፁ ሱቁን ሞላው፤ እኔም በዚያ ተማምኜ የወር ደመወዜን ሲሶ ከፍዬ ወጣሁ። ማታ ቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ ጫን ሳደርገው፣ እህል የበዛበት ወፍጮ እንደሚያቃስተው አቃስቶ ቀጥ አለ። እጄን ሳላላለት ይነሣል፣ ስጫነው ይቆማል። በማግስቱ የተማሪ ማስመሪያ ከጎኑ አቁሜ በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሣሁትና ጫፉ ወጥቶ እስከሚመለስበት ያለውን ርቀት ለካሁ። ካርቶኑ 12 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ማስመሪያው ግን 7 እንኳ አልሞላም።

ገዢው ከሁሉ በፊት ማየት ያለበት እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው፤ የምቱን ርዝመትና ሲጫኑት ሳይቆም የሚሸከመውን ጉልበት። ምቱ አጭር የሆነ መሣሪያ ቆዳን ያንዘፈዝፋል እንጂ እንደ ጭን ያለ ወፍራም ጡንቻ ውስጥ አይዘልቅም። ይህን ዓይነት መሣሪያ በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 በሞተር ብስክሌት አደጋ ከተጎዳ በኋላ ለራሱ ሕመም ብሎ የሠራው ጄሰን ወርስላንድ የተባለ አሜሪካዊ ካይሮፕራክተር (አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጁ የሚያክም ባለሙያ) ሲሆን፣ ቴራገን ተብሎ የሚታወቀው የእርሱ መሣሪያ ምት 16 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የእኛ ኪስ እዚያ አይደርስም፤ መድረስም የለበትም። በእኔ ልምድ ለሯጭ ባትና ጭን በእውነት 10 ሚሊ ሜትር የሚመታ መሣሪያ በቂ ነው። ጉልበቱን ለመፈተን ደግሞ የሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ ቀስ እያሉ መጫንና ስንት ኪሎ ላይ እንደሚቆም ማየት ይቻላል። ያ የመጀመሪያው 8 ኪሎ ሳይደርስ ቆመ፤ አሁን ቡድናችን የሚጠቀምበት ግን ከ15 ኪሎ በላይ ተሸክሟል።

የፍጥነት ደረጃ ብዛት ማንንም አያታልል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች በደቂቃ ከ1,200 እስከ 3,200 ጊዜ ይመታሉ፤ ይህን በ30 መከፋፈል ትርጉም የለውም፤ ሦስት ወይም አራት ደረጃ ይበቃል። ከጫፎቹም ቢሆን ዘወትር የምንጠቀመው ክቡን ኳስና ጠፍጣፋውን ብቻ ነው።

ባትሪው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ትልቅ ጉዳይ ነውና። ሻጮች የሚጠሩት ቁጥር የሚሊ አምፔር ሰዓቱን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ባትሪው የሚይዘው ኃይል በዋት ሰዓት የሚታወቀው ያ ቁጥር በቮልቱ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል ነው። 2,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ7.4 ቮልት 18.5 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ11.1 ቮልት ግን 22.2 ዋት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ያነሰው ባትሪ የበለጠ ሊይዝ ይችላል። በተጨማሪ በስልክ ታይፕ ሲ ቻርጀር የሚሞላውን መምረጥ ይሻላል፤ የራሱ ልዩ ቻርጀር ያለው ዕቃ ቻርጀሩ የተቃጠለ ዕለት ምትኩን በእኛ ከተማ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ለአንድ ተማሪም ሆነ ለአንድ መምህር ከብዷል። ስለዚህ አሥር ልጆች አሥር ደካማ መሣሪያ ከሚገዙ፣ እንደ ዕቁብ አዋጥተው አንድ ጠንካራ ቢገዙ እመርጣለሁ። እያንዳንዱ በአንድ ጡንቻ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ስለሆነ አንድ መሣሪያ ለቡድን ይዳረሳል።

መሣሪያው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማወቅም ከወጪ ያድናል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በእግሩ የወረደ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቁልቁለቱ የወረዱበት ዕለት ሳይሆን በማግስቱና በሠልስቱ ነው ጭን የሚይዘው፤ ደረጃ መውረድ ያቅታል፣ ከመቀመጫ ለመነሣት እጅ ያስፈልጋል። ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ሲሸከም በውስጡ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ ሕመሙም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። በስፖርተኞች ዘንድ መሣሪያው «ላክቲክ አሲዱን ያወጣዋል» እየተባለ የሚነገረው ስሕተት ነው፤ ላክቲክ አሲድ በከባድ ልምምድ ጊዜ ጡንቻ ውስጥ የሚፈጠር ነገር ሲሆን፣ ልምምዱ ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከሰውነት ይጸዳልና በማግስቱ የሚወጣ ነገር የለም። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በ16 ወንዶች ባት ላይ ለ5 ደቂቃ ተሞክሮ በታተመ ጥናት፣ የቁርጭምጭሚት መታጠፍ በ5 ዲግሪ ያህል ሲጨምር የጡንቻው ጉልበት አልቀነሰም። ስለዚህ ሰውነትን ያፍታታል፣ ሕመሙንም ለጊዜው ያለዝባል፤ የተጎዳውን የሚጠግነው ግን እንቅልፍና ምግብ ነው።

እዚህ ላይ የሰፈራችንን ወጌሻ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። እኒህ አዛውንት ባቴን የኑግ ዘይት ቀብተው ሲያሹኝ፣ የሚያመኝ ቦታ ሲደርሱ ገና ትንፋሼን ስይዝ አውራ ጣታቸውን ያላላሉ። ማሽኑ ይህን አያውቅም፤ እኛ ልናውቅለት ይገባል። አጥንት ላይ፣ አንገት ፊትና ጎን ላይ፣ ኩላሊት አካባቢ፣ ከጉልበት ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ፈጽሞ አይደረግም። በቅርብ የተቀደደ ወይም ያበጠ ጡንቻም አይመታም። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩት። አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚሞቅና የሚያም ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ከማሸት በፊት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከብስክሌት ልምምድ በኋላ ጭኗ በዚህ መሣሪያ የታሸላት አንዲት ወጣት የጡንቻዋ ሕዋሳት ፈርሰው ሆስፒታል መተኛቷን በሕክምና መጽሔት የታተመ ዘገባ ያስረዳል። ስለዚህ ሕመሙ ባልተለመደ ሁኔታ የበረታበት፣ ሽንቱም እንደ ሻይ የጠቆረበት ሰው ነገ ይሻለኛል ብሎ አይደር። ልጆቼን «ካመማችሁ ጨምሩበት» የሚል ምክር ከየትም ቢሰሙ እንዳይቀበሉ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ።

በዚህ ጋዜጣ በኩል ለሻጮችና ለአስመጪዎች የማቀርበው ልመና አለ። ደንበኛ መሣሪያውን አየር ላይ ሳይሆን ጭኑ ላይ ተጭኖ እንዲሞክር ይፍቀዱለት፤ አቃስቶ የሚቆም ከሆነ ገንዘቡን ሳይከፍል ይሂድ። አስመጪዎችም ከፍጥነቱ ቁጥር ጎን የምቱን ርዝመትና የባትሪውን ዋት ሰዓት በአማርኛ ጽፈው ቢለጥፉበት፣ ከገጠር ለውድድር የሚመጣ ልጅ ካርቶኑን አንብቦ ሊመርጥ ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ከደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም