ለልጄ፦ ስለ ድሮ ፊልምና ስለሌለው ልብስ

የኔ እናት እንዴት ነሽልኝ፣ አዲስ አበባ ደህና ነው ወይ፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ እናትሽም ደህና ናት፣ የደሴን ብርድ ታውቂው የለ ጉልበቷን ትንሽ ይይዛታል እንጂ። የላክሽውን ቮይስ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ ከፈትኩትና ሰውየውም አብሮኝ ሰማሽ፣ የድሮ ፊልም ይሻላል ስላልኩሽ «አባዬ አንተን የናፈቀህ እኮ ፊልሙ አይደለም ወጣትነትህ ነው» ስትዪ ሱሪውን እየለካሁት ሳቀብኝ። ቮይስ መላክ እንደማልወድ ታውቂያለሽ ስለዚህ ልጻፍልሽ፣ ረዘመ ብለሽ ደሞ እንዳትዘዪው። ዛሬ መብራት የለም፣ ሲንጀሯ በእግር ነው ምትሰራው ግን ያለ ካውያ ምን ይሰራል፣ ጊዜ አለኝ።

ግማሹን እውነትሽን ነው። ግን እስቲ ያኔ ፊልም ምናይበትን ቪዲዮ ቤቱን ራሱን አስቢው። አግዳሚ ወንበር፣ ቁንጫ፣ የእግር ሽታ፣ ከኋላሽ የተቀመጠው ልጅ ሱፍ እየፈለጠ ገለባውን አንገትሽ ውስጥ ይተፋዋል፣ ቲቪው ትንሽ፣ ልብ ሚሰቅለው ቦታ ላይ ዴኩ ካሴቱን ይበላውና ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ ካሴቱን ሚያነበውን ሄዱን በሽቶ እስኪጠርግ እንጠብቃለን፣ ከዛ ሲመለስ ያ ቦታ ተዘሏል። ይሄ ይናፍቀኛል? አንዱም አይናፍቀኝም። የናፈቀኝ ወጣትነቴ ቢሆን ኖሮ እኮ ቁንጫውም አብሮ ይናፍቀኝ ነበር።

ካሴቱ በብዛት ሚመጣው በአሰብ በኩል ነበር፣ የኮምቦልቻ የከባድ መኪና ሾፌሮች በባቲ በሚሌ አድርገው ወርደው ሲመለሱ ዴክም ካሴትም ይዘው ይመጣሉ፣ እኛ አንመርጥም፣ ያገኙትን ነው። ስለዚህ ያየነው ሁሉ ድብልቅልቅ ነው፣ ህንድ፣ ካራቴ፣ ኮቦይ፣ አረብ። እንግሊዝኛ ሚችል ደግሞ የለም። አንድ አስተርጓሚ ነኝ ባይ ልጅ ነበር ከፊት ተቀምጦ ጮክ ብሎ ሚተረጉምልን፣ እሱም በነጻ ይገባል በዛ ሰበብ፣ በኋላ ፊልሞቹን ከነ ትርጉማቸው ደግሜ ሳያቸው ልጁ ያለው ንግግር ሁሉ ከራሱ የፈጠረው ነው፣ ታሪኩ ግን ትክክል ነበር! እሱም እንደኛ ከፊታቸው ነበር ሚያነበው።

እኔ የምልሽ ይሄን ነው። የዛን ጊዜው ፊልም እኛን፣ ደሴ ቁጭ ብለን ቋንቋውን ማናውቀውን፣ ይዞን ይሄድ ነበር። ዓይን፣ እጅ፣ አረማመድ፣ ልብስ፣ ሁሉ ነገር ይናገራል። የዛሬው ብዙው ድምፁን ከዘጋሽው ፍንዳታ ብቻ ነው ሚቀርሽ።

«ዘ ጉድ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ»ን ውሰጂ። ሰርጂዮ ሊዮኔ ሚባል ጣሊያን በፈረንጆቹ 1966 ያወጣው ነው። ሲጀምር 10 ደቂቃ አካባቢ አንድ ቃል የሚናገር የለም፣ ሰው ይራመዳል ነፋስ ይነፍሳል ውሻ ያልፋል በቃ። መጨረሻ ላይ መቃብሩ መሀል ሶስቱ ክብ ሰርተው ሲቆሙ ደቂቃዎች ሙሉ ዓይን፣ እጅ፣ ሽጉጥ፣ እንደገና ዓይን፣ ኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃውን እያከረረው እያከረረው፣ ወላሂ ያኔ ሱፍ ሚፈልጥ አልነበረም። እና ምን ብሰማ ጥሩ ነው፣ ፊልሙ ሲቀረጽ ተዋናዮቹ እየራሳቸው በቋንቋቸው ነበር ሚናገሩት፣ አሜሪካኖቹ በእንግሊዝኛ፣ ጣሊያኑ በጣሊያንኛ፣ ስፔኑ በስፔንኛ፣ ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ነው የተሞላው። ማለት ተዋናዮቹ ራሳቸው እርስ በርስ በቋንቋ አይግባቡም ነበር፣ እኔ ደሞ የማንግባባው እኛ ብቻ መስሎኝ። ድልድዩ ሲፈነዳ ያለውን ታስታውሺያለሽ አይደል አብረን አይተነዋል፣ እሱ እውነተኛ ድልድይ ነው የስፔን ወታደሮች የሰሩት፣ ካሜራው ሳይነሳ በስህተት ፈነዳባቸውና እንደገና ሰርተው እንደገና አፈነዱት። እኔ እንደሱ አይነት ሰው ነው ምወደው።

ደሞ ልብሱ። እኔ ሙያዬ ስለሆነ ፊት ሳይሆን መጀመሪያ ኮሌታ ነው ማየው። የዋናው ተዋናይ የክሊንት ኢስትዉድ ፖንቾ፣ ያ ከአንገት ሚጠለቀው ካባ፣ በሶስቱም የሊዮኔ ፊልሞች ያው አንዱ ነው፣ አልታጠበም ይባላል፣ አምናለሁ ምክንያቱም ጠርዙ ላይ ያለው አቧራ የተነሰነሰ አቧራ ሳይሆን ጨርቁ ውስጥ የገባ አቧራ ነው። ልብሱን አይተሽ ሰውየው የት እንዳደረ ታውቂያለሽ። የዛሬ ፊልም ላይ ድሃ የተባለው ገጸ ባህሪ ሳይቀር ሸሚዙ ከካውያ እንደወጣ ነው፣ እጅጌው ክርን ላይ አልሳሳም።

አዲስ አበባ ስመጣ ይዘሽኝ የገባሽውን አቬንጀርስ እናንሳ እንግዲህ፣ «ኢንድጌም» ሚባለውን። እንቅልፍ ወሰደህ ብለሽ ለእናትሽ ነግረሻታል፣ ግማሹን ነው የተኛሁት ያውም 3 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነው ፊልሙ። የማርቭል ፊልሞች 22ኛው ክፍል ነው ለካ፣ 21ዱን ሳላይ እኔ የገባሁት የማላውቀው ሰው ለቅሶ እንደሄደ ሰው ነው፣ ሁሉም ዙሪያዬን ያለቅሳል እኔ ሟቹን አላውቀውም። ያልተኛሁበት ሰዓት ያ ነጭና ቀይ ልብስ ለብሰው ወደ ኋላ ዘመን ሲሄዱ ነው፣ ስፌቱን ለማየት ተጠግቼ ብፈልግ ስፌት የለውም፣ የት ጋ ነው ሚከፈተው እያልኩ ስጨነቅ ፊልሙ አለፈ። ስንወጣ ስጠይቅሽ በስልክሽ ፈለግሽና «አባዬ ልብሱ እኮ የለም፣ በኮምፒውተር የተሰራ ነው» አልሽኝ። ልብሱ የለም! ሰዎቹ ሌላ ነገር ለብሰው ቆመው ልብሱን በኋላ ቀቡባቸው። ገንዘቡን አይተሻል፣ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ፊልም ልብስ ሰፊ መቅጠር አቃተው? እሺ እቀልዳለሁ፣ ለሌላው ልብስ ሰፊዎች እንዳሏቸው አውቃለሁ።

ከሁሉ ግን «ሜሴጁን» ልንገርሽ፣ «አር-ሪሳላ»ን፣ ሙስጠፋ አቃድ የሰራው 1976። ረመዳን ሲሆን ቪዲዮ ቤቱ ሌላ አያሳይም ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይታዩም ድምፃቸውም አይሰማም፣ በሳቸው ቦታ ያለው ካሜራው ነው፣ ሰዎቹ ሲያናግሯቸው ወደኛ እያዩ ነው ሚናገሩት፣ አጎታቸው ሐምዛ ቀጥታ ዓይንሽን እያየ ያወራል። ያን ጊዜ አግዳሚው ላይ ተጣሞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቀና ይል ነበር፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ፊልሙ ሁለት ጊዜ ነው የተቀረጸው፣ አንዱ በእንግሊዝኛ አንዱ በአረብኛ፣ በሌላ ተዋንያን፣ እያንዳንዱ ትዕይንት ሁለቴ። በእንግሊዝኛው ሐምዛን የሆነው አንቶኒ ኩዊን ነው፣ እኛ አረብ መስሎን ስለ እስልምናው ቅንጣት አንጠራጠርም ነበር፣ ለካ ሜክሲኮ የተወለደ ሰው ነው።

ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች ሐበሻ ምድር ነጃሺ ፊት ሲቀርቡ ሰዓት ሰሪው ጎረቤታችንም ይመጣ ነበር ለዛች ቦታ ብሎ። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ ሲያነብ ንጉሡ ዓይኑ ይሞላል፣ ከዛ በበትሩ መሬት ላይ መስመር ያሰምርና በኛና በናንተ መሀል ያለው ከዚህ አይበልጥም ነው ነገሩ። ያን ቦታ ማንም አስተርጓሚ አይጠይቅም። ክርክሩ ሚነሳው ከወጣን በኋላ ነው፣ እኔ «ነጃሺ የኛ ነው ሰልሟል» እላለሁ፣ እሱ «የኛ ንጉሥ ነው መስቀሉን አላየህም እንዴ» ይላል፣ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር እየተከራከርን እንወርዳለን፣ እስካሁንም አልተቋጨም። ካባውን ግን የኛ ሰው አልሰፋውም፣ በዚህ ሁለታችንም እንስማማለን።

ያው አቃድ 1981 ላይ «ላየን ኦፍ ዘ ደዘርት»ን አወጣ፣ የሊቢያው ዑመር አል-ሙኽታር ታሪክ፣ ጣሊያን በ1931 የሰቀሉት። እዛ ላይ ያለው ጄኔራል ማን ነው፣ ግራዚያኒ፣ የኛው ግራዚያኒ፣ የየካቲት 12ቱ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ በኛ አቆጣጠር በ1928 የጣሊያን አውሮፕላን ደሴን ሲደበድብ ልጅ ሆነው ያዩ፣ ፊልም ቤት ገብተው አያውቁም ያን ቀን ጎትተው አመጧቸው፣ ግራዚያኒን የሆነው ኦሊቨር ሪድ ጓንቱን አድርጎ ገና ሲገባ ስሙ ሳይጠራ «ይሄ ውሻ ግራዚያኒ ነው» አሉ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። ጣሊያን ፊልሙን 1982 ላይ የጦር ሰራዊታችንን ክብር ይነካል ብላ ከለከለችው፣ እዛ በቴሌቪዥን የታየው 2009 ነው፣ ደሴ ግን ስንት ዓመት ቀድማ አይታዋለች በዛች ቪዲዮ ቤት ሃሃ።

አሁን ምትዪውን አውቃለሁ፣ «አባዬ ድሮም ቆሻሻ ፊልም ነበር»። ነበር እንጂ ምን ጥያቄ አለው፣ አክተሩ ሰላሳ ሰው በቡጢ ሲጥል ፀጉሩ የማይነቃነቅበት፣ ድብደባው ቀድሞ ድምፁ ኋላ ሚመጣበት፣ ሴቷ ለመጠለፍ ብቻ የምትኖርበት። «ሎረንስ ኦፍ አረቢያ»ን እኔ እንደነፍሴ ነው ምወደው ግን ያን ሁሉ ሰዓት አንዲት ሴት ቃል አትናገርም፣ አንቺ ነሽ ይሄን ያሳየሽኝ፣ ካሳየሽኝ በኋላ ደግሞ አላይ ማለት አልቻልኩም። ቆሻሻው ተረሳ፣ ደህናው ቀረ፣ ስለዚህ ድሮ ሁሉ ደህና ይመስላል። ገባኝ።

ግን እዛው ሎረንስ ላይ ኦማር ሸሪፍ ከበረሃው መጨረሻ በግመል ሲመጣ አስታውሺ፣ መጀመሪያ ነጥብ ነው፣ የሙቀቱ ብልጭታ ውስጥ ይዋኛል፣ ሰው ይሁን ምን ይሁን አታውቂም፣ ካሜራው ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንቺ ደሞ የኤዲቲንግ ስራሽን ስትነግሪኝ አለቃሽ «3 ሰከንድ ካለፈ ቁረጪው ሰው ያልፈዋል» ይላል አልሽኝ። የአሜሪካን ፊልም የቆጠሩ ሰዎች እኮ አሉ፣ ድሮ አንድ ሾት በአማካይ 10 ሰከንድ አካባቢ ይቆይ ነበር ዛሬ 3 ወይ 4 ሆኗል። አንቺ ላይ አልፈርድም እንጀራ ነው። ግን ያንን ሲቆርጡት ያለ ቋንቋ ሚነበበው ነገር ነው የሚጠፋው፣ ሰው ፊት ላይ ነገር እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋላ። ከዛ ፊቱ የማይናገረውን አፉ ይናገራል፣ አንዱ ገብቶ «እኔ አሁን እህቴን ለማዳን ወደ ባንኩ እሄዳለሁ» ይላል፣ ተመልካቹ ስልኩን እያየ ስለሆነ። ይሄንንም አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።

የአማርኛውም እንዲሁ ነው በብዛት። ቪላ ቤት፣ ሶፋ፣ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ያወራል፣ ሶስተኛው መኪና ይዞ ይመጣና እሱም ቁጭ ብሎ ያወራል። ድምፁን ዝጊና እዪው፣ ሶፋው ብቻ ነው ሚቀርሽ። ከዛ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እዪ፣ ንጉሡ በወረዱበት ሰሞን በጥቁርና ነጭ የቀረጸው፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው የጨረሰው ይባላል። ባላባቱ በረንዳው ላይ ወንበር አስቀምጦ ገበሬዎቹን ይሰድባል፣ እነሱ ከታች ያርሳሉ። የባላባቱን ባርኔጣና የገበሬውን ትከሻ ላይ ያለውን ቅዳጅ ካየሽ ታሪኩን ጨርሰሻል፣ ቃሉ ትርፍ ነው።

አዲስ ስለሆነ ብቻ እንደማልጠላ ደሞ እወቂልኝ። «ማድ ማክስ ፊውሪ ሮድ» 2015 ነው የወጣው፣ ባለፈው ስትመጪ ያሳየሽኝ፣ ጆርጅ ሚለር 70 ዓመቱ ነበር ሲያወጣው፣ ከኔ ይበልጣል። መኪናው እውነተኛ፣ በረሃው እውነተኛ፣ ሰው ንግግር አያበዛም፣ ሰውየው ጃፓን ውስጥ ያለ ሰብታይትል እንዲገባ ብሎ ነው ያሰበው። ያ አስተርጓሚ ልጅ ቢኖር ለዛ ፊልም ስራ ይፈታ ነበር። ልብሱም ቆሽሿል፣ በደንብ ነው የቆሸሸው፣ የሰራውን ሰው እጁን ብስመው ደስ ይለኛል።

እና ለኢድ ስትመጪ ሜሴጁን በፍላሽ ጫኚልኝ፣ አረብኛውን ይሁን፣ እንግሊዝኛውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ያኛውን ሐምዛ ግን አላየሁትም። ዴኩ እንደሆነ በኛ አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት ከሱቁ ጨርቅ ጋር አብሮ ሄዷል፣ አዲሱ ቲቪ ፍላሽ ይቀበላል። ለሰዓት ሰሪው ነግሬዋለሁ ይመጣል፣ ነጃሺ ላይ እንዲጨቃጨቅ አትገፋፊው እናትሽ አትወድም። ሌላ ደሞ ጥቁር የካፖርት ጨርቅ ደህና ነገር አግኝቻለሁ፣ የትከሻሽንና የእጅጌሽን ልክ ላኪልኝ፣ በሴንቲ ይሁን፣ ባለፈው የላክሽው ኢንች ይሁን ሴንቲ ሳላውቅ ቀረሁ። ገበሩን ምን ዓይነት ቀለም ላድርግልሽ?