ይድረስ ለልጄ፤ ስለ እንሽላሊትህ ቤት

ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። ሐዋሳም ክረምቱ ገብቶላት አረንጓዴ ለብሳለች።

የላክኸው ፎቶግራፍ ደርሶናል። እናትህ «ይኼማ አዞ ነው!» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ቴጉ የሚባል የደቡብ አሜሪካ እንሽላሊት እንደሆነ ባስረዳትም፣ ዴንቨር ድረስ ሄደህ የምታሳድገው እንሽላሊት መሆኑ አልዋጥላት ብሏል። እኔ ግን ከወደድኸው ምን እላለሁ? የምናገረው ስለ ቤቱ ነው፤ ይህ ሙያዬ ነውና።

ዛሬ መዳፍህ ላይ የተኛው ፍጡር ሲያድግ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 1.2 ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ የቤቱን ርዝመት 2.4፣ ወርዱንና ቁመቱን 1.2 ሜትር አድርገው። ወለሉ ልክ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ነው፤ መጋዝ አያስነሣህም። «ለጊዜው ትንሽ ልሥራ» ብትል ግን እንጨት ሁለት ጊዜ መግዛት ነው የሚሆነው።

እንቅልፍ የነሣኝ አፈሩ ነው። ቴጉ ቆፋሪ ስለሆነ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ይፈልጋል። እርሳስ ይዤ ሳሰላው 0.86 ሜትር ኩብ ወጣ። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል! አንተ ደግሞ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአከራይህ ጋር ሳትነጋገር አንዲት ቪቴ እንዳታስገባ። ምድር ቤት ቦታ ቢገኝ እኔም በሰላም አድራለሁ።

ሌላው ጠላትህ እርጥበት ነው። እንስሳው ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይፈልጋል፤ ኮምፔንሳቶ ደግሞ ውኃ ከጠጣ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ይገላለጣል። ቺፕውድማ አይነሣ፣ አብጦ ይፈርሳል። ውስጡን ውኃ በማያስገባ ቀለም ደጋግመህ ቀባው፤ መጋጠሚያውን በሲሊኮን ድፈነው፤ ሽታው ጨርሶ ሳይጠፋም እንስሳውን አታስገባ።

እዚህ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር፣ ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው ፀሐይ የሚሞቁትን እንሽላሊቶች ስታባርር ነው ያደግኸው። ሲበቃቸው ወደ ጥላ ይገባሉ። የአንተም እንዲሁ መምረጥ አለበት፤ በአንዱ ጫፍ መብራት ሥር 50 ዲግሪ ገደማ የሚግል ድንጋይ፣ በሌላው ጫፍ 25 ዲግሪ ገደማ የሆነ ጥላ አዘጋጅለት። አምፖሉን በሽቦ ወንፊት ሸፍነው፤ ከተንጠላጠለበት ይቃጠላል። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥም አይበቃም፤ አጥንቱን የሚያጠነክርለትን የፀሐይ ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። ለዚያ የሚሸጠውን ልዩ መብራት ግዛ። ብርሃኑ እያለ ጨረሩ ስለሚደክም በየዓመቱ ገደማ ይቀየራል።

ግድግዳዎቹን በኮላ አታጣብቃቸው። በቪቴ ብቻ አያይዛቸው፣ ቤት ስትቀይር እንዲፈቱልህ። ደግሞም 1.2 ሜትር ወርድ ያለው ሣጥን ተገጣጥሞ በተራ በር አይገባም። እንጨት ከመግዛትህ በፊት የበርህን ስፋት ለክተህ ጻፍልኝ።

አባትህ